ጋሽ ባዩና የከርሞው ተራ

ጋሽ ባዩ ማረፋቸውን የነገረኝ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ስማቸው ነው። ቡሬ መናኸሪያ ቆሜ፣ ለእህቴ የምልከውን በርበሬ ለሾፌር ሳስረክብ ስልኬ ጠራ። «ሙሌ፣ ጋሽ ባዩ ዛሬ ጠዋት አረፉ። ቀብራቸው ነገ ነው» አለኝና ዝም አለ። ስማቸው ዝም ማለት የሚያውቅ ሰው ስላልሆነ የበለጠ ያስለቀሰኝ ዝምታው ነው። ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ደግሞ ጭቅጭቅ ተነሥቷል» አለኝ።

«የምን ጭቅጭቅ? በሬሳ ላይ?»

«ገበያ ዳሮች ‹ቃሬዛውን ከፊት የምንይዘው እኛ ነን፤ ሰውየው የእኛም ሊቀ መንበር ናቸው› ብለው መጡ። የእኛ ልጆች ደግሞ ‹ምን ሲደረግ!› አሉ።»

መናኸሪያው መካከል እንባዬን እየጠረግሁ ሳቅሁ። ያየኝ ሰው ምን እንዳሰበ እንጃ።

ጋሽ ባዩ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ፍኖተ ሰላም፣ ወፍጮ ሰፈር በምንለው በእኛ ሰፈር ነው። ገበያ ዳር የሚባለው ሰፈር ደግሞ ተቀናቃኛችን ነበር፤ የኳስ ወቅት ሲመጣ ሰላምታ እንኳ እንሳሳ ነበር። ታዲያ ገበያ ዳሮች «የእኛም ናቸው» ያሉት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። አንድ ዓመት፣ ከጥምቀት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ በእርግጥም የእነርሱ ነበሩ። ያ እንዴት እንደ ሆነ ለመናገር ግን አስቀድሜ ሰውየውን ከነድምፃቸው ማምጣት አለብኝ።

ጋሽ ባዩ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ባለቤቱም፣ ፈጪውም፣ የወረፋው ዳኛም እርሳቸው ነበሩ። ከሞተር ጋር ሲጮኹ ኖረው ጆሯቸው ከብዶ ነበር፤ እርሳቸው ግን የከበደው የሌላው ሰው ጆሮ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ደኅና አደራችሁ ሲሉ የሚጣሉ ይመስላሉ። ምሥጢር ማውራት ሲፈልጉ የሰውን ክንድ ይዘው ወደ ጥግ ይወስዳሉ፤ ምሥጢሩ ግን ከጥጉ ተነሥቶ ሰፈሩን ያዳርሳል። ሰው ሲያሙ ተሰምተው አያውቁም። «ጽድቅ ፈልገው እንዳይመስልሽ፤ ሐሜት በጩኸት ስለማይሆን ነው» ይለኝ ነበር ስማቸው።

ቅንድባቸው ከዱቄት ጸድቶ አያውቅም። ለፋሲካ ነጭ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሲቆሙ ልብሱና ቅንድቡ አንድ ላይ የታጠበ ይመስላል። የሚወርደው ዱቄት መላሙን የሚያዩት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ፈተግ እያደረጉ ነበር። ይኸው ልማድ ኳስ ሜዳ ድረስ ተከትሏቸው መጥቶ፣ አዲስ ተጫዋች ሲያዩ ባዶ ጣታቸውን ያሻሉ። «ይኸ ገና ሻካራ ነው፤ አንዴ ይደገም» ይላሉ። ወይም፣ «ይኸስ ልሟል፤ እፍ ቢሉት ግን ይበናል።» በጣም ጥሩ ተጫዋች ያዩ እንደ ሆነ ምንም አይሉም፤ ጣታቸው ብቻ ማሻሸቱን ያቆማል። እኛም ኳሱን ትተን ጣታቸውን እናይ ነበር።

በወፍጮ ቤታቸው ትልቁ ሕግ ተራ ነው። ከገጠር አህያ ጭኖ የመጣ ሰው መንገዱ ሩቅ ከሆነ ከተሜዋን፣ «እቴ፣ ያንቺ ቤት እዚሁ ነው፤ ተራሽን አበድሪው» ይሏታል። ያበደረች ሴት ሌላ ቀን ስትመጣ የዚያን ሰው ቦታ ታገኛለች። ሰውየው ራሱ ባይመጣና ሚስቱ ብትመጣ ሚስቱ ትመልሳለች። በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። «ተራ ያበደረ አይደኸይም፣ ተራ የቀማ አይጠግብም» የዘወትር ቃላቸው ነው። ወረፋ የሚጋፋ ሲመጣ ሞተሩን ያጠፉና እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ ያን ጊዜ ሴቶቹ ራሳቸው ተጋፊውን ከነጆንያው ያስወጡታል።

አሁን ወደ ኳሱ ልምጣ። በከተማችን አራት ሰፈሮች በየዓመቱ ይጫወታሉ። ውድድሩ የሚጀመረው እህል ገብቶ፣ ጥምቀት አልፎ፣ የገጠሩ ጎረምሳ እጁ ፈታ ሲል ነው፤ ጾም ሳይገባ ዋንጫው ይነሣል። ቀደም ሲል መናኸሪያ የሚባለው ሰፈር፣ ባለ መኪኖቹ እዚያ ስለሆኑ፣ ከማንኩሳም ከጅጋም ደኅና ደኅናውን ልጅ እየጫነ ሲያመጣ ሌላው ተመልካች ሆኖ ቀረ። በዚህ ሳቢያ ድንጋይ መወራወር መጣ። ከዚያ ሽማግሌዎች ተቀምጠው አንድ ነገር ወሰኑ፤ የዓመቱ አዲስ ተጫዋች፣ የገጠርም ሆነ የከተማ ልጅ፣ በገበያ ቀን ሜዳ ወርዶ ችሎታውን ያሳያል፤ በእሑዱ ቡድኖቹ በየተራ እየጠሩ ይወስዱታል። አምና ጅራት የነበረው ቡድን አንደኛ ይመርጣል፤ ባለ ዋንጫው መጨረሻ። ቡድኖች ከተስማሙ ተራቸውን መለዋወጥ ይችላሉ።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ሀገር አመሰች። የምርጫው እሑድ ከጨዋታው ይልቅ ሰው የሚሰበሰብበት ቀን ሆነ። ከገና ጀምሮ በየጠጅ ቤቱም በየወፍጮ ቤቱም ወሬው፣ ማን ይመረጥ፣ ተራ ይሰጥ ወይስ ይያዝ፣ የሚል ብቻ ነው።

እኔ ወደ ነገሩ የገባሁት በቀበሌ ትእዛዝ ነው። በዚያ ዘመን ቀበሌው ሴት የሌለበት ኮሚቴ አያውቅም። ጋሽ ባዩ፣ «ሴትማ ካስፈለገ የምትጨቀጭቀዋን ስጡን» ብለው እኔን አስመረጡ። የወፍጮ ሰፈር ኮሚቴ ሦስት ሰው ሆነ፤ ጋሽ ባዩ ሊቀ መንበር፣ ባጃጅ ነጂው ስማቸው፣ እኔ። ስማቸው ማታ ማታ ዲሽ ቤት ተቀምጦ የአውሮፓን ዝውውር ሲከታተል የሚያመሽ፣ የሚያየውን ተጫዋች ሁሉ በአንድ የፈረንጅ ስም የሚጠራ ሰው ነው። የእርሱ ሃይማኖት «አንድ ኮከብ ውሰድ» ነው። የእኔ ደግሞ «ከአንድ ኮከብ ሁለት ደኅና ሰው ይሻላል»። ያልተጨቃጨቅንበት ቀን ቢኖር ወፍጮው የተበላሸበት ቀን ነው።

በመጀመሪያው ዓመት፣ ጅራት ስለነበርን፣ አንደኛው ተራ የእኛ ነበር። በገበያው ቀን የታዩት ልጆች ከደጋው አገር ከፈረስ ቤት የወረደ ሳምባው የማይደክም ሯጭ፣ የማንኩሳ አጥቂና አንድ የጅጋ በረኛ ነበሩ። በረኛው ቁመቱ ሸንበቆ፣ እጁ መንሽ ነው። ከተማው በእርሱ አበደ።

«በረኛውን!» አለ ስማቸው፣ የወፍጮውን በር ተደግፎ። «አንደኛ ተራ ይዞ የሚያመነታ ሰው ሲሳይ ይርቀዋል።»

«ተራውን ሰጥተን ሁለት ሰው እናምጣ» አልሁ።

«አንዱን በሁለት? መንግሥት እንኳ ሲያደራጅ አንድ ለአምስት ነው!»

ጋሽ ባዩ እህል እያፈሰሱ ሁለታችንንም ያዩናል። ጣታቸው ስትሻሽ ትውላለች እንጂ አልቆመችም። «ዘንድሮ ፍሬው ቀላል ነው» አሉ በመጨረሻ። «ገለባውን በአንደኛ ተራ አልገዛም።»

በምርጫው እሑድ የገበያ ዳሩ ሊቀ መንበር አቶ ውበቱ መጡ። አቶ ውበቱ የበርበሬ ነጋዴ፣ የጋሽ ባዩ የልጅነት ጓደኛ፣ በወጣትነታቸውም በግራ እግራቸው ከተማውን ያስጨበጨቡ ሰው ነበሩ። ዋንጫ አንስተው አያውቁም፤ ይህም ሲያንገበግባቸው ይኖራል። በረኛውን ፈልገዋል። ጋሽ ባዩ እንደ ልማዳቸው ክንዳቸውን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዷቸው፤ ሜዳ ሙሉ ሰው ጸጥ ብሎ አዳመጠ።

«ውበቱ፣ ይኸን በረኛ ተወው! ሠርግ አለበት! የጅጋ ወፍጮ ተሰብሮ የሠርጉን እህል እኔ ጋ ነው የፈጩት!»

አቶ ውበቱ ሳቁ። «አንተ ሰውዬ፣ ልጁን ለራስህ ልታስቀር ነው። ደግሞ ሊሰማ የሚገባው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ነው የምትጮኽ።»

«በሚካኤል እውነቴን ነው!»

«ተወኝ እስቲ። ምን ልስጥህ?»

ጋሽ ባዩ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያውስ በወፍጮ ቤት ሕግ ይሁን። ዘንድሮ ቦታዬን ውሰድ፤ ያንተን እወስዳለሁ። ከርሞ ደግሞ ቦታህን ትመልስልኛለህ። የትም ይሁን የት።»

«ከርሞማ ባለ ዋንጫ ሆኜ ቦታዬ መጨረሻ ነው!»

«መጨረሻውን ስጠኛ።»

እጅ ተማቱ። ስማቸው ራሱን ይዞ ተቀመጠ፤ «አንደኛን ሰጥተን፣ ያውም ለከርሞ መጨረሻ! ገና ላልተወለደ ጥጃ ገመድ ገዛን!» እኔም ሁለት ሰው አገኛለሁ ብዬ ባዶዬን ስለቀረሁ አኮረፍሁ።

በረኛው በውድድሩ አጋማሽ ሄዶ አገባ። ጥር የሠርግ ወር መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ኳስ ሲመጣ ግን ሁላችንም እንረሳዋለን። ልጁ ከነሚዜዎቹ ጅጋ ሲጨፍር፣ ገበያ ዳር ግብ ላይ አንድ ወፈር ያለ ቅቤ ነጋዴ አቁሞ ጅራት ወጣ። እኛ ከእነርሱ አንድ ደረጃ ከፍ ብለን ጨረስን። እንግዲህ በሕጉ መሠረት የሚመጣው ዓመት አንደኛ ተራ የገበያ ዳር ነው፤ በውሉ መሠረት ደግሞ የእኛ። ስማቸው ነገሩ የገባው ዕለት ባጃጁን መንገድ መሐል አቁሞ ወርዶ ጨፈረ።

በክረምቱ ግን አቶ ውበቱ ታመሙ። ሕመሙ ብዙ አላቆያቸውም። የሞቱ ዕለት ጋሽ ባዩ ሞተሩን አጥፍተው፣ የሚያስፈጨውን ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ወፍጮ መለሱ። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ያሰሙት ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። እንዲያ ያለ ድምፅ ለለቅሶ የተሰጠ እስኪመስለኝ ድረስ፣ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» ሲሉ ቤቱ ጠበበ።

ኅዳር ላይ ሌላ ነገር መጣ። የሜዳው እኩሌታ ለሕንፃ ተፈለገና አራት ቡድን ማስተናገድ አይቻልም ተባለ። ዘንድሮ ጅራት የሚሆነው ቡድን ይፈርሳል፤ ልጆቹም ለሌሎቹ ይከፋፈላሉ። ወፍጮ ሰፈርን የመሠረቱት ጋሽ ባዩ ናቸው። ማልያውን እርሳቸው ያሰፉት፣ ኳሱን እርሳቸው ያስጠገኑት፣ ከጨዋታ በኋላ ልጆቹን ወፍጮ ቤት ደጃፍ አስቀምጠው በሶ የሚያጠጡት እርሳቸው ናቸው። ልጅ አልወለዱም። ቡድኑ ቢፈርስ ምን እንደሚቀራቸው ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የዚያን ዓመት በገበያው ቀን ከታዩት ልጆች መካከል አንዱ አንተነህ ነበር፤ የአቶ ውበቱ ልጅ። ዕድሜው ለዋናው ውድድር የደረሰው ያን ዓመት ነው። በግራ እግሩ ሁለት ሰው አልፎ ሲመታ ወደ ጋሽ ባዩ ጣት ዞርሁ። ጣታቸው ቆማ ነበር። ፊታቸው ግን ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረም።

አንተነህ በአባቱ ቡድን መጫወት እንደሚፈልግ ለሁሉም ተናግሯል። ገበያ ዳሮችም አንደኛውን ተራ ይዘው እርሱን ሊጠሩ ተዘጋጅተዋል። አቶ ውበቱ ከሞቱ በኋላ ቡድኑን የሚመራው ምክትላቸው ዳኛቸው የሚባል ወጣት ነበር። ስማቸው ውሉን ሊያስታውሰው ሄዶ ተጣልቶ ተመለሰ።

በምርጫው እሑድ ሽማግሌዎቹ ከሜዳው ዳር በተጋደመው የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተቀመጡ። ዳኛቸው ቆሞ ተናገረ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ነገሩንም በደንብ አሰናድቶ መጥቷል።

«ጋሽ ባዩና አቶ ውበቱ የተነጋገሩትን ሰምተናል፤ ያልሰማ የለም። ነገር ግን ቃሉ የሟቹ ነው። እርሳቸው ቢኖሩ ከእርሳቸው ጋር ይጨርሱ ነበር። አሁን እኛም ልንፈርስ እንችላለን። ሙት በገባው ውል ሕያው ቡድን ይፍረስ?»

ገበያ ዳሮች አጨበጨቡ። ስማቸው ዘሎ ተነሣ። «ታዲያ ያኔ አንደኛ ተራችንን የበላው ማን ነው? ሟቹ ብቻቸውን?»

አንደኛው ሽማግሌ፣ «ባዩ፣ አንተ ምን ትላለህ? ጠይቅና እንፍረድ» አሏቸው።

ጋሽ ባዩ ተነሡ። በዚያ ቀን ድምፃቸው እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «እኔ አልጠይቅም» አሉ። «ሊመልስልኝ የማይችልን ሰው ምን ብዬ ልክሰስ። ሙት ወቃሽ አታድርጉኝ።» ብለው ተቀመጡ።

ስማቸው እንባው መጣ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና፣ ከሳሽ ከሌለ ምን ይፈረዳል፣ ተራው የገበያ ዳር ይሁን ሊሉ ነበር። ያን ጊዜ ከሰዉ ጀርባ መንገድ ተከፈተ። የአቶ ውበቱ ሚስት እትዬ አንጓች፣ ከል እንደ ለበሱ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ መካከል ገቡ። ሜዳ መጥተው አያውቁም። የተቀመጠው ሁሉ ተነሣላቸው።

«እንደምን ዋላችሁ፣ አባቶቼ። ሴት በማይገባበት ገባሁ፤ ይቅር በሉኝ» አሉ። «ውበቱ ሲያርፍ በሚካኤል ማኅበራችን ጽዋውን እኔ ተረከብሁ። ተራው ሲደርስ ደግሼ አበላሁ። ማንም ‹ተራው የሟቹ ነው፣ ቅሪ› አላለኝ። እንግዲህ ጽዋው ወደ እኔ ከመጣ፣ ቃሉስ ወዴት ይሄዳል?» ከዚያ ወደ ጋሽ ባዩ ዞሩ። «ውበቱ ታሞ ተኝቶ ሳለ ‹ከርሞ ለባዩ ቦታ እመልሳለሁ› ሲል ነበር። እርሱ አልደረሰም፤ እኔ መልሻለሁ። ጋሽ ባዩ፣ ተራዎን ይውሰዱ።»

ዳኛቸው አንገቱን ደፋ። ማኅበርተኛን በማኅበር ነገር የሚከራከር የለም።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። አንደኛውን ተራ ጋሽ ባዩ ከወሰዱ የሚጠሩት ስም አንድ ብቻ ነው፤ የእኚሁ የቆሙት ሴት ልጅ። አንተነህ ከተጫዋቾቹ መካከል ሆኖ እናቱን ያያል። እርሳቸው ግን አላዩትም። ስማቸው የእጄን አንጓ ጨምድዶ ይዞኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ጋሽ ባዩ «ይቅርብኝ» እንዲሉም እንዳይሉም እየጸለይሁ ነበር።

ጋሽ ባዩ ተነሥተው ለእትዬ አንጓች ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ቀና ሲሉ ድምፃቸው ተመልሶ ነበር።

«ተቀብያለሁ! አንተነህ ውበቱ፣ ወደ ወፍጮ ሰፈር!»

ሜዳው ተንጫጫ። ከገበያ ዳር በኩል አንዱ፣ «ምነው፣ የሙት ልጅ!» አለ። ለምን እንደ ሆነ እንጃ፣ ጋሽ ባዩ ይህን ሰሙት።

«ምን አልህ? ‹ግዴለም፣ ይቅር› ብልስ? ይቺ ሴት ከዚያ ድረስ የመጣችው ላዝንላት ነው? ባሏ ቃል ነበረው፣ ቃሉን አምጥታ በሰው ፊት ሰጠችኝ። አልቀበልም ብል የውበቱን ቃል ዛዲያ ምን አደረግሁት? አፈር አለበስሁት እኮ!»

እትዬ አንጓች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ራሳቸውን እሺ በሚል ነቀነቁ።

«ገና አልጨረስሁም!» አሉ ጋሽ ባዩ። «ገበያ ዳር ሊቀ መንበሩን አጣ፣ ልጁን ደግሞ እኔ ወሰድሁበት። ባዶ እጁን አላሰናብተውም። ዳኛቸው፣ ከፈቀድህ፣ ዘንድሮ ውበቱ ይቀመጥ የነበረበት እኔ ልቀመጥ። ልጁን ሰጣችሁኝ፣ እኔን ውሰዱ።»

ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው። እንዲህ ያለ ልዋጭ ከዚያ በፊት አልታየም። በመጨረሻ አንደኛው ሳቃቸውን እየዋጡ፣ «ተራ ይለዋወጣል አልን እንጂ ሰው አይለዋወጥም አላልን» አሉ። ዳኛቸው ሮጦ መጥቶ የጋሽ ባዩን ትከሻ ሳመ።

«ጋሼ! እኛስ?» አለ ስማቸው፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«እናንተማ ልጁ አላችሁ። አንተ አፍ አለህ፣ ሙሌ ራስ አላት። ምን ጎደላችሁ?»

እኛ ለይስሙላ መስሎን ነበር። እንግዳ ሆነው ይቀመጣሉ፣ ልባቸው ግን ከእኛ ጋር ይሆናል ብለን ነበር። የት! ወፍጮውን ዘግተው በየማታው ገበያ ዳር ልምምድ ላይ ናቸው። ቅቤ ነጋዴውን ከግብ አወጡ፣ ከፈረስ ቤት የመጣ ዘለግ ያለ ልጅ አቆሙበት። በመጀመሪያው ጨዋታችን የእኛን ጉድ አንድ በአንድ ያውቁታልና፣ «ወፍጮ ሰፈር በቀኙ ቀዳዳ ነው! በቀኙ ግቡ!» እያሉ ሲጮኹ ዋሉ። በቀኛችን ገብተው አሸነፉን። ስማቸው ተናዶ እህሉን ሌላ ወፍጮ ቤት ወሰደ፤ እናቱ ዱቄቱ ሻካራ ነው ብለው ቢቆጡት ጊዜ በማግሥቱ መለሰው።

አንተነህ በመጀመሪያ ልቡ ከእኛ ጋር አልነበረም። ኳስ ሲደርሰው ወደ ገበያ ዳር ደጋፊዎች ያያል። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «እቴ፣ ጋሽ ባዩ እኔን ወስደው ለምን ወደ እኛ ሰፈር ሄዱ?» አለኝ።

«አባትህ ባዶ ቦታ ትቶ እንዳይሄድ ይመስለኛል» አልሁት። እርሱም ጫማውን አራገፈና ሄደ። ከዚያ በኋላ ግን ኳስ ሲደርሰው ወደ ፊት ያይ ጀመር።

የመጨረሻው ጨዋታ የእኛና የገበያ ዳር ሆነ። ገበያ ዳር እኩል ለእኩል ከወጣ ዋንጫው የእርሱ ነው፤ አቶ ውበቱ ሲመኙት የሞቱት ዋንጫ። እኛ ካላሸነፍን ጅራት እንሆናለን፣ እንፈርሳለን። የዚያን ቀን ሱቅ የከፈተ ሰው አልነበረም። እትዬ አንጓች እንኳ መጥተው ከጋሽ ባዩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

ጨዋታው ግብ ሳይቆጠርበት ወደ ማለቂያው ደረሰ። ጋሽ ባዩ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይጮኻሉ። የሚጮኹት ደግሞ በእኛ ላይ ነው። «ግራ እግሩን ዝጉበት! አባቱም በግራው ነበር! ግራውን!» ሁለት ተከላካይ ሄዶ የአንተነህን ግራ ዘጋ። አንተነህ ኳሱን ወደ ቀኙ ሳበና፣ እንዴት እንደ ሆነ አላውቅም፣ በዚያ ለመራመጃ ብቻ በሚጠቀምበት ቀኝ እግሩ መታት። ኳሷ በረኛው እጅ ሥር ተንሸራታ ገባች። ብዙም ሳይቆይ ፊሽካው ተነፋ።

ወፍጮ ሰፈር ዳነ፤ ዋንጫው ከገበያ ዳር አመለጠ። ስማቸው አንተነህን ተሸክሞ ሜዳውን ዞረ። ሴቱ እልል አለ፣ የማላውቀው ሰው ሁሉ አቀፈኝ። እኔ ግን ዓይኔ ጋሽ ባዩን ነበር የሚፈልግ። እርሳቸው የመሠረቱት ቡድን ነው የተረፈው፤ አሁንማ ይስቃሉ፣ ቢያንስ በስርቆሽ ፈገግ ይላሉ ብዬ ሰዉን እየገፋሁ ሄድሁ።

ባርኔጣቸውን መሬት ጥለው ቆመዋል። ፊታቸው ጠቁሯል። እውነተኛ ንዴት ነበር፤ ዋንጫ ከእጁ ላይ የተነጠቀ ሰው ንዴት።

እትዬ አንጓች ባርኔጣውን አንሥተው አቧራውን አራገፉና ዘረጉላቸው። እያለቀሱ ይስቁ ነበር።

«ጋሽ ባዩ፣ ሰፈርዎ እኮ ዳነ። ግቡን ያገባውም ልጃችን ነው። ምነው፣ ደስ አይበልዎትም?»

«ይለኛል፣ እቴ አንጓች፣ ይለኛል» አሉ ጋሽ ባዩ፣ ባርኔጣውን እየተቀበሉ። «ግን ውበቱ ቢኖር መጀመሪያ ይናደድ ነበር። እስቲ ትንሽ ቆዪኝ፣ የእሱን ንዴት ልጨርስለት።»